ኮዱን ሰጥቼ አገልግሎቱን የሸጥኩበት መንገድ

የፋርማሲ ሶፍትዌር ሠርቼ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዙሪያ ያሉ ፋርማሲዎችን ዞርኩ። የገባና የወጣ መድኃኒት ይመዘግባል፤ የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበውን ቀድሞ ያሳውቃል። ክርክሩ ዋጋ ላይ ይሆናል ብዬ ነበር። አንዲት ባለቤት ግን ዋጋ እንኳ ሳይጠይቁ፣ «ልጄ፣ ነገ ዲቪ ደርሶህ ብትሄድ ይሄን ማን ይጠግንልኛል?» አሉኝ። የበፊቱን ፕሮግራም የሸጠላቸው ድርጅት ስልክ አላነሳም ብሎ፣ መረጃቸው እዚያው ታስሮ ቀርቶባቸዋል።

መልሴ ላይሰንሱ (የአጠቃቀም ፈቃዱ) ሆነ። ሶፍትዌሩን ከነሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራመር ከሚያነበውና ከሚያሻሽለው ጽሑፉ ጋር፣ በጂፒኤል 3 ሰጠኋቸው፤ ይህ ላይሰንስ ማንም ፕሮግራሙን እንዲጠቀም፣ እንዲያሻሽልና እንዲያከፋፍል ስለሚፈቅድ እኔ ብሄድም ሌላ ባለሙያ ሊጠግነው ይችላል። ብዙ ሰው ጂፒኤል መሸጥን የሚከለክል ይመስለዋል። አይከለክልም፤ የተፈለገውን ዋጋ መጠየቅ ይቻላል። የማይቻለው ፕሮግራሙን ለሌላ ሲያስተላልፉ ኮዱን መደበቅ ነው። ኤምአይቲ የተባለውን ሌላ ላይሰንስ የተውኩት ለዚህ ነው፤ በእሱ ማንም ኮዴን ወስዶ፣ ዘግቶ ሊሸጠው ይችላል።

እንዲህ ኮዱ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር፣ ኦፕን ሶርስ የሚባለው፣ ባለቤት አልባ ማለትም አይደለም። የቅጂ መብቱ የእኔ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ላይሰንሱ ጉልበት የሚያገኘው ከዚሁ መብት ነው። ውሉ ላይ ተከላን፣ ሥልጠናንና ወርሃዊ ጥገናን ለየብቻ ዋጋ አወጣሁላቸው።

ከዚያ ሜክሲኮ አካባቢ የሚሠራ አንድ ቴክኒሻን ያንኑ ሶፍትዌር ይዞ በጥገና ዋጋ ሰበረብኝ። መብቱ ነው። አንዳንድ ደንበኞቼ ወደ እሱ ሄዱ። እኔም ማታ ማታ ስልክ ማንሳት ጀመርኩ፤ ፋርማሲ አምሽቶ ይሠራል፣ ሲስተም ሲቆም እስኪነጋ አይጠበቅም። ከሄዱት የተመለሱ አሉ። እሱ ያሻሻለውን የሪፖርት ክፍል ደግሞ አንድ ደንበኛ ከነኮዱ ሰጠኝ፤ ላይሰንሱ ስለሚፈቅድ ወደ እኔው አስገባሁት።

ኦፕን ሶርስ ገበያ ያበላሻል የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ኮድ ሲዘጋ ገዢው አንድ ሻጭ እጅ ላይ ይወድቃል፤ ያን ገበያ ነፃ ለማለት ይከብደኛል። የአሜሪካው ሶፍትዌር ኩባንያ ሬድ ሃትም ሊኑክስ የተባለውን ኦፕን ሶርስ የኮምፒውተር ሲስተም ይዞ ያደገው ድጋፍ በመሸጥ ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. አይቢኤም በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል።

ይህን መንገድ ለምትጀምሩ፦ የላይሰንስ ፋይሉን ከመጀመሪያው ቀን ኮዱ ውስጥ አስገቡ። የሌላ ሰው ኮድ ስትጨምሩ ላይሰንሶቹ መስማማታቸውን እዩ። አፓቼ 2.0 በተባለው ላይሰንስ የተለቀቀ ኮድ ጂፒኤል 3 ውስጥ ይገባል፤ በቀድሞው ጂፒኤል 2 ብቻ ከተለቀቀ ፕሮግራም ጋር ግን፣ የጂፒኤል አውጪው ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን እንደሚለው፣ አይሄድም።