ቆሽቴን ያሳረረው ጠርሙስ

ይህን ነገር ልጽፈው አላሰብኩም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ሌላ ሰው አሳምሮ ሲያወራው ሰማሁና ቆሽቴ አረረ። ነገሩም የቆሽት ነው።

ላብራቶሪያችን ከቱሉ ዲምቱ ወጣ ብሎ ነበር። ሰርቪስ ካመለጠህ ባጃጅ፣ ባጃጅ ከጠፋ በእግር፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ በጭቃ። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳልን ጥበቃው ስለነበር ከዳይሬክተሩ ይልቅ እሱን ነበር የምንፈራው። እሱ ሻይ ሊጠጣ ወጣ ካለና ሴል የምናሳድግበት ኢንኩቤተር ከ37 ዲግሪ ከወረደ የሦስት ሳምንት ሥራ አፈር ይበላል።

ሥራው ከአይጠመጎጥ የጭን አጥንት መቅኒ አውጥቶ፣ በውስጡ ያሉትን ስቴም ሴሎች (ገና ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችሉትን) ኢንሱሊን ወደሚያመርቱ ሴሎች መለወጥ ነው። ኒኮቲናማይድ፣ ኤክሴንዲን-4፣ ብዙ ግሉኮስ፣ ከዚያ መጠበቅ። ዶክተራችን በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። ታናሽ እህታቸውን በልጅነቷ ታይፕ 1 ስኳር፣ ሰውነት ኢንሱሊን ማምረት የሚያቆምበት ዓይነት፣ ይዟታል። ፍሪጅ በሌለበት ቤት ኢንሱሊኑን በእርጥብ ማሰሮ ውስጥ እያቀዘቀዙ ነው ያሳደጓት። ቢሯቸው ግድግዳ ላይ የዳግላስ ሜልተን ፎቶ ተለጥፏል። የሃርቫርዱ ሰውዬ። የእንቁራሪት ፅንስ ሲያጠና የኖረ ሰው፣ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ታይፕ 1 ሲይዘው ሁሉን ትቶ ወደ ቤታ ሴል፣ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን ወደሚያመርተው ሴል፣ ዞረ። በኋላ ሴት ልጁንም ያዛት። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2014 ቡድኑ ከሰው ስቴም ሴል ለግሉኮስ መልስ የሚሰጡ ቤታ ሴሎችን በብዛት መሥራቱን አሳተመ። ዶክተራችን ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ዶክተራችንን በዚህ አላማቸውም።

አንድ ሐሙስ ሴሎቻችንን ዲቲዞን አስነካናቸውና ቀሉ። ዲቲዞን ዚንክን ነው የሚያቀላው። ቤታ ሴል ኢንሱሊኑን ስድስት ስድስት እያደረገ በዚንክ አስሮ ስለሚያከማች ቀይ ማየት ጥሩ ምልክት ነው። ምልክት ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ቢሆንም እልል ተባለ። በማግስቱ ኢላይዛ ሠራን፤ ጥቃቅን ጉድጓዶች ባሉት ሳህን ላይ የኢንሱሊንን መጠን በቀለም የሚለካ ምርመራ ነው። እንደ ደንቡ ሴሎቹ ታጥበው፣ ባፈር በሚባል ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ አንዴ በትንሽ አንዴ በብዙ ግሉኮስ ተፈትነው ነበር መለካት ያለባቸው። ጊዜ የለንም ተባለና ሴሎቹ ከሚያድጉበት ፈሳሽ፣ ከሚዲየሙ፣ በቀጥታ ቀድተን ለካን። ውጤቱ ከስታንዳርዱ (መጠኑ ታውቆ ለማነጻጸሪያ ከሚለካው) አናት በላይ። 10 እጥፍ አቀጠንነው፤ ከአናት በላይ። 100 እጥፍ፤ አሁንም ከአናት በላይ።

«አያችሁ?» አሉ ዶክተር። «ከቆሽትም በለጡ!»

እኔ ደግሞ ሆዴ ፈራ። ከአንድ ፍላስክ የወጣ የመቅኒ ሴል ከእውነተኛ ቆሽት ከበለጠ ነገር አለ ማለት ነው። ማታ ሰርቪስ ውስጥ ሆኜ የሚዲየሙን አሠራር በሐሳቤ ደጋገምኩት። መጨረሻ ላይ የምንጨምረው አይቲኤስ የሚባል ነገር አለ። ‹‹አይ›› ያለው ፊደል ምን እንደሆነ ትዝ ሲለኝ ቃሊቲ ደርሰን ነበር። ኢንሱሊን! በሊትር 10 ሚሊግራም። ሰው በጾም ሲለካ ደሙ ውስጥ ከሚገኘው በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። በገዛ እጃችን አፍስሰን በገዛ እጃችን ለካነው።

ሰኞ በስብሰባ ላይ ጠየቅኩ። «ዶክተር፣ ሴል ያልነካውን ባዶ ሚዲየም ለክተነዋል?»

«ባዶ ነገር ምን ይለካል?»

«ማለቴ ለኮንትሮል፣ ለማነጻጸሪያ...»

«ወንድሜ፣ አንዷ የኢላይዛ ጉድጓድ ስንት ብር እንደምታወጣ ታውቃለህ? 96 ናቸው። ለባዶ የምናባክነው የለንም።»

ሰው ሁሉ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ አቀረቀረ። እኔም አቀረቀርኩ፤ ምን አደርጋለሁ።

ቅዳሜ ብቻዬን ገባሁ። ከተጀመረው የኢላይዛ መለኪያ ዕቃ፣ ከኪቱ ላይ የተረፈች ጥቂት ጉድጓድ ነበረች። ካልተከፈተ ጠርሙስ ትኩስ ሚዲየም ቀድቼ አቅጥኜ ጨመርኩ። መጀመሪያ ሰማያዊ፣ አሲዱ ሲገባ ቢጫ። ሴሎቹ ከሰጡን ቢጫ ጋር አጠገብ ላጠገብ ባስቀምጠው እናቱም አትለየው። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ዕቃ አጣቢያችን ቅዳሜም ይመጡ ነበርና ምን እንዳስደነገጠኝ ጠየቁኝ። ኢንሱሊኑ ከሴሉ ሳይሆን ከጠርሙሱ መሆኑን ነገርኳቸው።

«እንዴ!» አሉ። «ታዲያ እኔ እስከ ዛሬ ሳጥብ የኖርኩት ቆሽት ነው በለኛ!»

ሰኞ ወረቀት ይዤ ቢሮ ገባሁ። የኔን ውጤት ብቻ አላመጣሁም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2001 ሳይንስ መጽሔት ላይ ከአይጥ ፅንስ ስቴም ሴል ኢንሱሊን ያላቸው ሴሎች ተሠሩ ተብሎ ወጥቶ ነበር። በ2003 በዚያው መጽሔት ሌላ ቡድን እንዲህ ባለ አሠራር የሚገኙት ሴሎች ኢንሱሊኑን አላመረቱትም፣ ከሚዲየሙ ነው የጠጡት ብሎ አሳየ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሜልተን ነው። ያ ግድግዳው ላይ ያለው።

ዶክተር ወረቀቱን አነበቡ። ግድግዳውን አየት አደረጉ። «ሲ-ፔፕታይድ እንለካለን። አንተው እዘዝ» አሉ። በቃ። ጎሽ የለ፣ ይቅርታ የለ።

መፍትሔውማ ትክክል ነው። ሴል ኢንሱሊን ሲሠራ መጀመሪያ ፕሮኢንሱሊን የሚባል ረጅም ክር ይሠራል፤ ክሩ ሲቆረጥ ኢንሱሊንና ሲ-ፔፕታይድ እኩል እኩል ይወጣሉ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ኢንሱሊን ግን ሲ-ፔፕታይዱ የተወገደለት ንጹሕ ኢንሱሊን ነው። ስለዚህ ሲ-ፔፕታይድ ካለ ሴሉ ሠርቷል፣ ከሌለ አልሠራም።

ትዕዛዙን ሞላሁ። ኪቱ ሦስት ወር ፈጀ፤ ግማሹ ጉምሩክ ውስጥ፣ በረዶው እየቀለጠ። ሲደርስ ሴሎቹን በወጉ አጥቤ፣ በባፈር ፈትኜ፣ ባዶውንም ሙሉውንም ለካሁ። ዜሮ። በትንሽ ግሉኮስ ዜሮ፣ በብዙ ግሉኮስ ዜሮ። ስታንዳርዱ ግን ቀጥ ያለ መስመር አወጣልኝ፣ ስለዚህ ኪቱ ደኅና ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ስቴም ሴላችን ምንም ስላልሠራ ደስ ያለው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ለዓርብ ስብሰባ ባለቀለም ግራፍ ሠራሁ። ዜሮን በቀይ! ሸሚዝም ተኮስኩ። ስናገርም ድምፄ ትንሽ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ «ኮንትሮል ሳይኖር» የሚለውን ሐረግ ሦስት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ።

ዶክተር እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «የኪቱ ካርቶን አለ?» አሉ። አመጣሁ። መነጽራቸውን አድርገው ገለበጡት።

«ይሄ ምን ይላል?»

አየሁት። «ሂውማን» ይላል።

«የእኛ ሴሎች የማን ናቸው?»

«የአይጠመጎጥ።»

ካርቶኑን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ላልለመደ ሰው፦ ኢንሱሊን ከእንስሳ እንስሳ ብዙም አይለያይም። የአሳማው ከሰው የሚለየው በአንድ አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያ ቅንጣት) ብቻ ነው፤ ለዚህም ነው ሰው ስንት ዓመት የአሳማ ኢንሱሊን ሲወጋ የኖረው። ስለዚህ የኢንሱሊን ኪት ያንንም ይሄንንም ሊይዝ ይችላል። ሲ-ፔፕታይድ ግን ከእንስሳ እንስሳ በጣም ይለያያል። የሰውን እንዲይዝ የተሠራ ኪት የአይጠመጎጡን ላያየው ይችላል። ሴሎቻችን ሲ-ፔፕታይድ ቢያጎርፉም የኔ ኪት ዜሮ ሊል ይችል ነበር። እሳቸው ምንጊዜም አዎ የሚል ፈተና ሠሩ፣ እኔ ምንጊዜም አይ የሚል ሠራሁ። ያውም በሦስት ወር ጥበቃና በውጭ ምንዛሪ። ለነገሩ ኮንትሮል የሚሆነኝ የአይጠመጎጥ ቆሽት እዚያው እንስሳ ቤት ውስጥ በነጻ ነበረ። አላሰብኩትም።

ትክክለኛው ኪት አልታዘዘም። ሰኔ ደረሰ፣ በጀት ተዘጋ፣ ሐምሌ ላይ ፕሮጀክቱ ወደ ሌላ ነገር ዞረ። ሴሎቹ ኢንሱሊን ሠርተው እንደሆነ ሳናውቅ ቀረን። እኔም ዓመት ሳይሞላ ለቀቅኩ። በዚህ ምክንያት አይደለም፣ በትራንስፖርቱ ነው።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ዶክተር ለተማሪዎች ስለ ኮንትሮል ሲናገሩ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ጥሩ ተናጋሪ ናቸው። የጠርሙሱን ታሪክ አወሩ። «ውጤቱ ስለበዛብን ተጠራጠርን፣ ባዶውን ሚዲየም ለካነው» አሉ። ለካነው! አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበ። የእትዬንም ቀልድ ጨመሩበት፣ እሱንም የራሳቸው አድርገው።

ከዚያ ውሃ ጠጡና «በነገራችን ላይ» ብለው ቀጠሉ፤ «አንድ ወጣት ባልደረባ ነበረን፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ አሁን እዚህ አለ መሰለኝ... ለአይጥ የሰው ኪት አዘዘ።»

በእጃቸውም ጠቆሙኝ።