ሻይ ቤቱ ላይ የተቆለሉት ነጥቦች

ደብረ ማርቆስ ላይ ሆኜ ትናንሽ አገር በቀል ድርጅቶችን በዌብሳይትና በመረጃ አያያዝ አግዛለሁ። በዚህ ሥራ ከገጠመኝ ሁሉ ብዙ ያስተማረኝ የአንድ ድርጅት የውኃ ካርታ ነው።

ድርጅቱ በጮቄ ተራራ ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች የእጅ ፓምፕ ያስተክላል፣ ምንጭ ያጎለብታል። ጮቄ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ጨሞጋንና ሙጋን የመሳሰሉ የዓባይ ገባሮች የሚነሡበት ተራራ ነው፤ የውኃ ማማ ይሉታል። እዚያው ግርጌው ላይ ያሉ እናቶች ግን በጋ ሲገባ ጀሪካን ይዘው ገደል ይወርዳሉ። ይህ ነገር ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል፤ ድርጅቱ ሲጠራኝም ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት።

የጠሩኝ ለዌብሳይቱ ነበር። የፊት ገጹ ላይ «የተገነቡ የውኃ ተቋማት» የሚል ትልቅ ቁጥር አለ፤ ከተጻፈ ወዲህ የነካው የለም። አንድ ለጋሽ «ከእነዚህ ውስጥ ዛሬ ውኃ የሚሰጡት የትኞቹ ናቸው?» ብሎ ጻፈ። ቢሮ ውስጥ መልሱን የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ስለዚህ ቆጠራ ታዘዘ። አዲስ አበባ ያለ አንድ አማካሪ ኮቦ በሚባለው፣ በስልክ መረጃ መሰብሰቢያ በሆነው መተግበሪያ ቅጽ አዘጋጀ፤ ሁለት ወጣቶችም ስልክ ተሰጥቷቸው ወደየቀበሌው ወጡ።

መረጃው ሲገባ ካርታ ላይ አወጣሁት። የአንደኛው ልጅ ነጥቦች በየመንደሩ ተበትነዋል። የሌላኛው ግን ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ረቡዕ ገበያ ከተማ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ተቆልለዋል። ሥራ አስኪያጁ ስክሪኑን ጠጋ ብሎ አየና ቦታውን ወዲያው ለየው።

«ይኼማ ሻይ ቤቱ ነው! አየሽ እኅት ዓለም፣ እዚህ ቁጭ ብሎ እየፈጠረ ነው የሞላው። አበሉን በልቶ!»

ሌላም የሚያስከስሰው ነገር ነበር። ኮቦ እያንዳንዱ ቅጽ የተከፈተበትንና የተዘጋበትን ሰዓት እንዲመዘግብ ማድረግ ይቻላል፤ ይሄኛውም ይመዘግብ ነበር። የልጁ ቅጾች የተከፈቱት ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው፤ አንዱ ተዘግቶ ሌላው እስኪከፈት ጥቂት ደቂቃ ነው ያለው። በጨለማ ከፓምፕ ፓምፕ በዚህ ፍጥነት የሚዞር ሰው የለም። ሥራ አስኪያጁ የስንብት ደብዳቤ እንዲጻፍ አዘዘ።

እኔ ግን መልሶቹን ሳነብ ልቤ አልተቀበለውም። እየፈጠረ የሚሞላ ሰው እጁ ወደ ድፍን ቁጥር ይሄዳል፤ ተጠቃሚ አባወራ 50፣ 100፣ 50 እያለ ይወርዳል። የዚህ ልጅ 37 ይላል፣ 64 ይላል፣ 41 ይላል። ደግሞም ሐሰተኛ መረጃ የሚጽፍ ሰው «ደህና ነው፣ ይሠራል» ብሎ ያልፋል እንጂ ሰው መጥቶ እንዲያይበት የሚጋብዝ ነገር አይጽፍም። እሱ ግን አይሠሩም ያላቸው ፓምፖች ከጓደኛው ይልቅ ብዙ ነበሩ። «ደብዳቤው ይቆየኝ፣ እስከ ገበያው ቀን ድረስ ይታገሡኝ» ብዬ ለመንኩ።

ልጁ የገበሬ ልጅ ነው፣ 12ኛ ክፍል የጨረሰ፣ ድምፁ ዝግ ያለ። የጠራነው ስለ ክፍያ መስሎት ነበር። ምንም ሳልወቅሰው፣ «እስኪ አንድ ፓምፕ ዘንድ ስትደርስ እንዴት እንደምትሞላው አሳየኝ» አልኩት። ቅጹን ከፈተ። የመጀመሪያው ጥያቄ የቦታው መገኛ ነው፤ ያለ እሱ ወደ ሁለተኛው ማለፍ አይቻልም። ስልኩ መዞር ጀመረ። ቆምን። አሁንም ይዞራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልክ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት ነው፤ ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ነገር ግን ኔትወርክ ሲኖር ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ ቀድሞ ስለሚነገረው ይፈጥናል፤ ከሌለ ራሱ ፈልጎ እስኪያገኛቸው ይቆያል። ቦታው ሸለቆ ከሆነ፣ ስልኩም ያረጀ ከሆነ በጣም ይቆያል። የቅጹ መተግበሪያ ደግሞ ካልተቀየረ በቀር የ5 ሜትር ጥራት እስኪያገኝ ነው የሚጠብቀው። ያ ሁሉ ጊዜ ስክሪኑ እንደበራ ነው፤ ባትሪው ይወርዳል። ቀበሌው ውስጥ መብራት የለም።

«እትየ፣ በመጀመሪያው ቀን ሁለተኛው ፓምፕ ላይ ስልኩ ዘጋብኝ» አለኝ። «በስልክ ስጠይቅ ቅጹ አይነካም አሉኝ። እኔም በደብተር እየጻፍኩ ዋልኩና ማታ መብራት ያለበት ገብቼ ገለበጥኩት። ሻይ ቤቱ ባለቤት ቻርጅ ያስደርገኛል።»

ነጥቦቹ የተበተኑለት ጓደኛው አዲስ ስልክ ነበር የደረሰው፤ የሄደባቸው ቀበሌዎችም ኔትወርክ ያላቸው ናቸው። በሁለቱ ልጆች መካከል የነበረው ልዩነት ይኸው ነው። በዚህ ልዩነት አንዱ ሊመሰገን፣ ሌላው ሊባረር ነበር።

«ደብተሩን ይዘኸዋል?» አልኩት። ከጃኬቱ ውስጥ ባለ 50 ሉክ ደብተር አወጣ፤ ጠርዙ በዝናብ ያበጠ ነው። ለእያንዳንዱ ፓምፕ አንድ ገጽ ሰጥቶታል። የአጥሩ ቁልፍ ማን እጅ እንዳለ ጽፏል። ለዘበኛው የሚከፈለው በገንዘብ ነው ወይስ በአውድማ ጊዜ በገብስ፣ ስንት ጣሳ እንደሆነ ጽፏል። «ከጥር ሚካኤል እስከ ግንቦት ልደታ ይነጥፋል» ይላል አንዱ ገጽ። ከሁሉ ያስገረመኝ ግን በየገጹ ታች ያለው መስመር ነው፦ «20 ሊትር ጀሪካን በ52 ምት»፤ ሌላው ገጽ ላይ «በ95 ምት፣ አምና በ60 ይሞላ ነበር ይላሉ።»

የፓምፑን እጀታ ምት ቆጥሯል። በአካባቢው የተተከሉት አፍሪዴቭ የሚባሉት የእጅ ፓምፖች ናቸው፤ ውስጣቸው ዩ-ሲል የምትባል ጎሚኒ፣ ውኃ እንዳያመልጥ የምትይዝ ጎማ አለች። እሷ ተበልታ ስትሳሳ ውኃው በጎኗ ወደ ታች ያመልጣል፤ ሰው አብዝቶ ይመታል እንጂ ፓምፑ ወዲያው አይቆምም። ስለዚህ የምቱ ቁጥር እየጨመረ ከሄደ ፓምፑ ሳይሰበር አስቀድሞ ችግሩን ይናገራል። የአማካሪው ቅጽ ግን በብዙ ጥያቄዎቹ መካከል ስለ ፓምፑ ጤንነት የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ተቋሙ አገልግሎት ይሰጣል? አዎ / አይደለም።» በ52 ምት የሚሞላውም በ95 ምት የሚሞላውም «አዎ» ነው። ልጁ ሻይ ቤት ገብቶ ሲገለብጥ ያን ሁሉ እውቀት ደብተሩ ውስጥ ትቶ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚለውን ብቻ ነው ማስገባት የቻለው።

አብሬው ወጣሁ። የመጀመሪያው ፓምፕ ዘንድ ስንደርስ የውኃ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ እናት ገና ከሩቅ አውቀውት «ልጄ መጣህ?» አሉት። ስለ ቆጠራው ስጠይቃቸው፣ «ይኼ ልጅ እኮ ራሱ መትቶ፣ ቆጥሮ ነው የሚሄድ። ሌሎቹ ከመኪና ሳይወርዱ ነው የሚመለሱ» አሉኝ። ቆመን ደግመን ቆጠርን፤ ከደብተሩ ጋር ገጠመ። ስንመለስ ያየሁትን ሁሉ ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። ልጁን ቢሮ አስጠርቶ ሠራተኞቹ ባሉበት ይቅርታ ጠየቀው። ይህን የሚያደርግ አለቃ ብዙ አላየሁም፤ አከበርኩት።

ከዚያ ቅጹን ከልጁ ጋር ተቀምጠን እንደገና ሠራነው፤ መነሻችንም ደብተሩ ነበር። አንደኛው ጥያቄ «ዛሬ ውኃ ወጣ?» ሆነ። ዎተር ፖይንት ዳታ ኤክስቼንጅ የሚባለው ዓለም አቀፍ የውኃ ተቋማት መረጃ መለኪያም ከሚጠይቃቸው ጥቂት መሠረታዊ ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ በጉብኝቱ ቀን ውኃ ነበር ወይ? ቀጥሎ ጀሪካኑ በስንት ምት እንደሚሞላ፣ መቼ እንደሚነጥፍ፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ። የቦታው መገኛ ወደ መጨረሻ ወረደ፤ አንድ ጊዜ ከተያዘ ዳግመኛ አይጠየቅም። ለእያንዳንዱ ፓምፕ ቁጥር ሰጥተን ስሚንቶው ላይ በቀለም ጻፍን፤ ቁጥሩ ሲገባ ቀበሌውና የፓምፑ ስም በራሱ ይመጣል። ኮቦ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ የተሞላው ስልኩ ላይ ተቀምጦ ልጁ ከተማ ሲገባ ይላካል። ለመጀመር የሚጠይቀው ክፍያም የለም።

ሁለት ነገር ግን ላልፍ አልችልም፤ በየድርጅቱ ስለማያቸው። አንዱ ዘመን ነው። የቀድሞው ቅጽ የተገነባበትን ዓመት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይጠይቃል፤ ሰዉ የሚያስታውሰው በእኛ ነው። አንዱ በጣቱ ቆጥሮ ይቀይረዋል፣ ሌላው 2007 ብሎ እንዳለ ያስገባዋል። ዌብሳይቱ ላይ ሲወጣ ፓምፑ ከዕድሜው ሰባት ስምንት ዓመት ይጨምራል፤ ያላረጀው ያረጀ ይባላል፣ መለዋወጫም በተሳሳተ ጊዜ ይታቀዳል። መተግበሪያው ግን የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያሳይ ምርጫ አለው። ቅጹ ሲዘጋጅ አንድ ቃል መጨመር ብቻ ነው፤ ሰብሳቢው በእኛ ይመርጣል፣ ሲቀመጥ ራሱ ይቀይረዋል። ሌላው የስም አጻጻፍ ነው። አንድ ቀበሌ በ«ጸ»ም በ«ፀ»ም ተጽፎ ኮምፒውተሩ ሁለት ቀበሌ አድርጎ ቆጥሮት አገኘሁ። የቀበሌ ስም በእጅ መጻፍ የለበትም፤ ከዝርዝር ይመረጥ።

ዌብሳይቱ ደግሞ የራሱ ጣጣ ነበረው። አድራሻው ሥራ በለቀቀ ሠራተኛ የግል ኢሜይል የተመዘገበ ነው፤ በስንት ልመና አስመለስነው። ገጹ በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ነው፣ ፎቶዎቹ በጣም ከባድ ናቸው፤ ረቡዕ ገበያ ላይ በስልክ ለመክፈት ስሞክር እየጠበቅኩ ቆየሁ፣ አልከፈተም። ሠራተኛው ራሱ በስልኩ የማይከፍተው ዌብሳይት ለማን ነው? ፎቶዎቹን አሳነስን፣ የአማርኛውን ገጽ አስቀደምን። ትልቁን ቁጥር አነሣንና በቦታው የፓምፖቹን ዝርዝር በቀበሌ አስገባን፦ ውኃ ይሰጣል፣ ተዳክሟል፣ አይሰጥም፣ መጨረሻ የታየበት ቀን። ዝርዝሩን ጸሐፊዋ በየወሩ ከኮቦ በኤክሴል አውጥታ ጉግል ሺት በሚባለው የኢንተርኔት ሠንጠረዥ ላይ ትገለብጠዋለች። ራሱ እንዲገናኝ ማድረግ እችል ነበር፤ ግን እኔ በሌለሁበት ቢበላሽ የሚያስተካክለው የለም። ጸሐፊዋ የምታውቀው መንገድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ አልተስማማም። «የኢንተርኔት ወጪ በአዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ነው፤ ከ20 በመቶ ማለፍ አንችልም» አለ። ወጪው ትንሽ መሆኑን በወረቀት አስልቼ አሳየሁት። እውነተኛው ፍርሃቱ ሌላ ነበር። «ተበላሽቷል፣ አይሰጥም እያልን ስንጽፍ ገበናችንን አደባባይ ማውጣት ነው። ለጋሹ ይሸሻል።» ነገሩ ቦርድ ቀረበ። ከቦርዱ አባላት አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «የማይሠራውን ካልጻፍን፣ ለማሠሪያው ገንዘብ በምን አፋችን እንጠይቃለን?» አሉ። ዝርዝሩ እንዲወጣ ተወሰነ።

አንድ ነገር ላይ እኔ እምቢ አልኩ። የዘበኞቹና የኮሚቴዎቹ ስምና ስልክ ቁጥርም ይውጣ ተባለ፤ ለለጋሽ ያሳምናል ተብሎ። ሰዎቹ ስልካቸውን የሰጡት ፓምፕ ሲበላሽ እንዲደወልላቸው እንጂ ዓለም እንዲያየው አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አዋጁ ባይኖርም አላወጣውም ነበር። ኮቦ ውስጥ ሥራው የሚያስፈልጋቸው ብቻ እንዲያዩት አድርገን ያዝነው።

ዝርዝሩን ያለ ስምና ስልክ አትመን በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ለጠፍን። ከተለጠፈ በኋላ እኚያው ገንዘብ ያዥ እናት ለልጁ ደውለው የሁለት ፓምፖች ስም መቀያየሩን ነገሩት። ቢሮ ያለነው ሁላችንም አላየነውም ነበር።

አሁን ምታቸው የጨመረ ፓምፖች ዝርዝር ለብቻው ይወጣል፤ የሚያዘጋጀው ያው ልጅ ነው፣ አዳዲስ መረጃ ሰብሳቢዎችንም እሱ ያሠለጥናል። የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤትም ዝርዝሩን በኤክሴል ይላክልን ብሎ ጠይቋል። ጎሚኒዎቹ ከጥር በፊት ተገዝተው እንዲቀየሩ ሐሳቡ ቀርቧል። ኮሚቴዎቹ ያጠራቀሙትን እናዋጣለን ብለዋል፤ የጎደለውን ማን ይሞላል የሚለው ላይ ድርጅቱና ወረዳው ገና እየተነጋገሩ ነው።