ዶራንዶን ፍለጋ ዋይት ሲቲ

ካፊያው አላባራም። ለንደን ውስጥ ዋይት ሲቲ ጣቢያ ከባቡር ወርጄ ዉድ ሌንን ተሻገርኩ። የምፈልገው፣ የእ.ኤ.አ. 1908ቱ ኦሊምፒክ ማራቶን የተጠናቀቀበት ስታዲየም፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ፈርሷል፤ ቢቢሲ ሕንፃውን ሠርቶበታል። አንዱን ጥበቃ «የማራቶኑ መጨረሻ መስመር የት ጋ ነው?» ብለው «የምን ማራቶን?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ራሴ ዞሬ ንጣፉ ላይ አገኘሁት፤ ሠራተኛው ቡናውን በወረቀት ኩባያ ይዞ ይረግጠዋል።

ውድድሩ የተካሄደው በእኛ ሐምሌ 17 ቀን 1900 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ምኒልክ በዙፋናቸው ላይ ናቸው። ዶራንዶ ፒዬትሪ የ22 ዓመት ልጅ ነው፤ ካርፒ በምትባል የጣሊያን ከተማ ኬክ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ የነበረ አጭር ሰው። ከዊንዘር ቤተ መንግሥት ተነስቶ በዚያ ሙቀት አንደኛ ሆኖ ስታዲየም ገባና ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ታጠፈ። ሲመልሱት ጉልበቱ ከዳው። ወደቀ፣ አነሱት፤ እንደገና ወደቀ። የቀረችው 350 ሜትር ገደማ ብቻ ነበረች፤ እሷ አሥር ደቂቃ ያህል ፈጀችበት። ዳኞቹ ደግፈው መስመሩን አሻገሩት፦ 2:54:46። አሜሪካኖቹ አቤት አሉ፤ ወርቁ 32 ሰከንድ ዘግይቶ ለገባው ለጆኒ ሄይስ ተሰጠ። እውነት ለመናገር፣ ትክክል ነበሩ። የእንግሊዟ ንግሥት አሌክሳንድራ ግን በማግስቱ ለዶራንዶ ዋንጫ ሰጠችው።

የመጨረሻዋን መንገድ በእግሬ ልለካት ብዬ ከመስመሩ ወደ ኋላ ጥቂት እንደተራመድኩ ግድግዳ ገጠመኝ። ያን ቀን ከቤተ መንግሥቱ እስከ ንጉሣውያኑ መቀመጫ ፊት ለፊት የተለካው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር፣ እ.ኤ.አ. በ1921 የማራቶን ቋሚ ርቀት ሆነ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ የጨረሰው ይህንኑ ነው።

ዶራንዶ ክሎዝ የሚባል መንገድ እዚያው ሰፈር አለ። ታፔላው ሥር ቆሻሻ መጣያና የልጅ ብስክሌት ቆመዋል። ሰውየው ከአራት ወር በኋላ፣ በእኛ ኅዳር 1901 ዓ.ም.፣ ኒውዮርክ ላይ ሄይስን አሸነፈ፣ ገንዘብም አገኘ። ካርፒ የከፈተው ሆቴል ግን ከሰረበት፤ ሳንሬሞ ሄዶ የመኪና ጋራዥ ያዘ። እዚያው በ56 ዓመቱ አረፈ።

ታፔላውን ፎቶ አንስቼ፣ ጫማዬ እንደራሰ፣ እንጀራ ፍለጋ ወደ ሼፐርድስ ቡሽ ወረድኩ።