አየር ዘነበብኝ

ለሥልጠና ሲንጋፖር ሄጄ ነው። እሁድ ዕረፍት ስለነበር ከባልደረባዬ ጋር ቴሎክ አየር የሚባል ጎዳና ላይ ያለውን የቻይኖች ቤተ መቅደስ ልናይ ወጣን። ሙቀቱ ሸሚዜን ከጀርባዬ አጣብቆታል። "አየር" ሲሉኝ እንግዲህ ነፋሻ ቦታ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ቤተ መቅደሱ ቲያን ሆክ ኬንግ ይባላል። ከፉጂያን የመጡ ቻይናውያን ናቸው እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1842 የሠሩት። ያኔ ባሕሩ እደጁ ነበር። ከመርከብ የወረደ ሁሉ የባሕር ጠባቂዋን እንስት አምላክ ማዙን "በሰላም አደረስሽኝ" የሚላት እዚህ ነው። በኋላ ባሕሩ ላይ አፈር ደፉበትና ዛሬ ዙሪያው ፎቅ ብቻ ነው።

እኔ ግን በሩ ጋ ስደርስ እጄ በራሱ ጊዜ ወደ ጫማዬ ክር ሄደ። ምን ላድርግ፣ እናቴ ያሳደገችኝ እንዲያ ነው። ጫማዬን አውልቄ ደጅ ጥግ አስያዝኩ። ካልሲዬን ለማውለቅ ደግሞ አንድ እግሬን ከፍ ያለው የበሩ ደፍ ላይ አሳረፍኩ።

"ኖ! ኖ! ኖ!" አንዲት አሮጊት እጃቸውን እያወናጨፉ መጡ።

ለካ እዚያ ጫማ አይወለቅም። ነውሩ ደፉን መርገጥ ነው! ባልደረባዬ ጫማውን እንደተጫማ ዘና ብሎ ተሻግሮ ገብቷል።

"ምነው፣ ደጀ ሰላም መሰለህ እንዴ?" አለኝ።

እልህ ያዘኝ። እንዲያውም እንዲህ ይመቸኛል ብዬ በባዶ እግሬ ገባሁ። ጣራውን የተሸከሙት እንጨቶች ላይ ዘንዶው፣ አበባው፣ ወርቅ ቅቡ! ያለ አንዲት ምስማር የተገጠመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ታድሶ ሲያልቅ በዓመቱ ዩኔስኮ ሸልሞታል። አንገቴን ቀልብሼ እሱን ሳይ ዶፉ ወረደ። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ማካፋት የለ። ጫማዬ ትዝ ሲለኝ ሮጬ ወጣሁ፤ ግራውን ስዘቀዝቀው አንድ ጣሳ ውሃ ወጣው።

አሮጊቷ አዘኑልኝ መሰለኝ ጠጋ አሉ። ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "አየር" በማላይኛ ውሃ ማለት ነው!

ውስጥ ሁለት የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ቀይ እንጨቶች አሉ። አንድ ጎናቸው ጠፍጣፋ፣ ሌላው ጎባጣ ነው። ማዙን ጥያቄህን ጠይቀህ መሬት ላይ ትጥላቸዋለህ። አንዱ በጠፍጣፋው፣ አንዱ በጎባጣው ካረፉ መልሱ "አዎ" ነው። ባልደረባዬ ካልሞከርክ ብሎ ወጠረኝ። እናቴ እንዳትሰማ እንጂ ሞከርኩ።

"ዝናቡ አሁን ያባራል?"

ጣልኳቸው። ሁለቱም ጠፍጣፋ ጎናቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንጋለሉ።

"ምን ማለት ነው?" አልኳቸው አሮጊቷን።

አፋቸውን በእጃቸው ከለል አድርገው፣ "እየሳቀችብህ ነው" አሉኝ።

ባልደረባዬ ግን እንጨትም አላስፈለገው።