አያቴ የጠየቀችኝ 11 ሰከንድ

ሐምሌ ላይ ደሴ ውስጥ ድምፅ መቅዳት አይሞከርም። የቤታችን ክዳን ቆርቆሮ ነው። ዝናቡ ሲወርድ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው የሚለው እንኳ አይሰማኝም። ስለዚህ በበጋ እቀዳለሁ፣ በክረምት ኤዲት አደርጋለሁ። አሁንም ጋቢዬን ደርቤ፣ ኢርፎኔን ሰክቼ፣ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ የአያቴን የቡና ዱዓ እየሠራሁ ነው።

«ሳታዪ እንዴት ነው የምትቆርጪው?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ጥያቄው አያስከፋኝም። ዓይናማ ሰው ድምፅ ሲሠራ ሞገዱን ስክሪን ላይ ያየዋል። ጸጥታው ቀጭን መስመር፣ ጩኸቱ ወፍራም ሆኖ ይታየዋል። እያየ ይቆርጣል። እኔ ዘንድ ያ ሥዕል የለም። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ፣ ኩፍኝ ከያዘኝ ወዲህ፣ ምንም አላይም። መንገዴ ሌላ ነው። እሱን ልንገራችሁ፣ በተለይ እንደኔ ሆናችሁ መማር ለምትፈልጉ።

መጀመሪያ አንድ አጭር ሥልጠና ገብቼ ነበር። አሠልጣኙ ደግ ሰው ነው። ትምህርቱ ግን በሙሉ በማውስ ነበር። «እዚህ ጋ ክሊክ አድርጉ። ከዚያ ይሄን ወደዚህ ሳቡት።» «እዚህ» የቱ ጋ እንደሆነ ስጠይቀው ትንሽ ዝም አለና «አንቺ ለጊዜው አዳምጪ» አለኝ። አምስት ቀን አዳመጥኩ። አንዲት ሰከንድ ሳልቆርጥ ሰርተፍኬት ይዤ ወጣሁ። ይህ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። ያ ሁሉ «እዚህ» በኪቦርድ ሊሠራ ይችል ነበር። የሚነግረኝ ሰው ብቻ ነበር ያጣሁት።

ያን ሰው ኮምቦልቻ አገኘሁት። እሱም ዓይነ ስውር ነው። ያስተማረኝ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ነው። ማታ ማታ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይልክልኛል። «አብሽሪ እህቴ» ብሎ ይጀምራል ሁልጊዜ። «ኤፍ እና ጄ ላይ ትንንሽ ጉብታ አለ። ጣቶችሽን እዚያ አሳርፊ። ከዚያ ወዲያ የትም አትጠፊም።»

መጀመሪያ ያስጫነኝ ኤንቪዲኤን ነው። ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው፣ ዋጋ የለውም። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የሚባለው ድምፅ አማርኛም ያነባል። ሮቦት ሮቦት ይላል፤ እኔ ግን የፋይሎቼን ስም በአማርኛ ጽፌ መልሶ ሲያነብልኝ ይበቃኛል። ኤንቪዲኤን በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረው ማይክል ከረን የሚባል አውስትራሊያዊ ነው። በኋላ ጄምስ ቴህ አብሮት ገባ። ሁለቱም ዓይነ ስውራን ናቸው። የተዋወቁት ደግሞ በልጅነታቸው ነው፣ ለዓይነ ስውራን ልጆች በተዘጋጀ የሙዚቃ ካምፕ። ይህን ስሰማ ደስ ያለኝን አልረሳውም። የኔን ጭንቀት የሚያውቅ ሰው ነው የሠራው ማለት ነው።

ቀጥሎ ኦዳሲቲ፣ ድምፅ መቅጃና መቁረጫ ፕሮግራም። እሱም ነፃ ነው። የመጀመሪያው የቤት ሥራዬ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ከ1 እስከ 10 ቆጥረሽ ቅጂ። ከዚያ 7ን አውጪና ላኪልኝ። የወጣበትን ቦታ ካወቅሁት ትደግሚያለሽ።»

ቀላል መስሎኝ ነበር። ስምንት ቀን ፈጀብኝ።

ቁልፎቹ ብዙ አይደሉም። ስፔስ ያጫውታል፣ ያቆማል። እየተጫወተ ሳለ፣ ከፒ ፊደል በስተቀኝ ካሉት ሁለት ቁልፎች የመጀመሪያውን ስጫን የቁራጩ መነሻ ይያዛል። ሁለተኛውን ስጫን መድረሻው ይያዛል። ዲሊት ያወጣዋል። እዚህ ድረስ ማንም ይችለዋል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ጣቴ ከጆሮዬ ትንሽ ይዘገያል። «ሰባት» ስል ጀምሬ ስጫን «ሰ» ታመልጣለች። ቆጠራው «ስድስት፣ ሰ፣ ስምንት» ሆኖ ይወጣል።

መፍትሔው ሲ የሚባለው ቁልፍ ነው። የመረጥኩትን ሳይቆርጥ፣ ቢቆረጥ ምን እንደሚመስል ያሰማኛል። ከቁራጩ በፊት ያለውን 2 ሰከንድ ያጫውትና ቁራጩን ዘሎ ቀጥሎ ያለውን 1 ሰከንድ ያሰማል። መጋጠሚያውን ደጋግሜ እሰማለሁ፣ መነሻውን ትንሽ እገፋለሁ፣ እንደገና እሰማለሁ። ዓይናማው በዓይኑ የሚፈልገውን መስመር እኔ በዚህች ቁልፍ አገኘዋለሁ።

ከዚያም መጋጠሚያው ላይ «ጧ» የምትል ትንሽ ድምፅ ቀረች። ጓደኛዬ ወዲያው ያዘብኝ። ድምፅ ማለት ከዜሮ መስመር በላይና በታች እየወጣ የሚወርድ ሞገድ ነው። ሞገዱ ከፍ ባለበት ቆርጠሽ ዝቅ ካለበት ጋር ብትገጥሚው ድንገት ይዘላል። «ጧ» የሚለው ያ ነው። ዜድን ስጫን ኦዳሲቲ የምርጫዬን ሁለት ጫፎች ሞገዱ ዜሮን ወደሚሻገርበት ቅርብ ቦታ ያስጠጋልኛል። «ጧ» ጠፋች።

አሁንም አወቀብኝ። «ስድስት ካልሽ በኋላ አልተነፈስሽም» አለኝ። እውነቱን ነው። ሰባትን ሳወጣ ከፊቷም ከኋላዋም ያለውን ትንፋሽ አብሬ ጠርጌው ነበር። ሰው ሲቆጥር ይተነፍሳል። አንዱን ትንፋሽ ትቼ አንዱን ብቻ ከሰባት ጋር ሳወጣ ቆጠራው ተስተካከለ። በስምንተኛው ቀን ላክሁለት። መልሱ አንድ ቃል ነበር፦ «አብሽሪ!»

ስለ ቀረጻው ደግሞ ትንሽ ልበል፤ ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚያ ነውና። የምቀዳው በስልኬ ነው። ስልኬ ላይ ቶክባክ ያወራል፣ የስልኩን ስክሪን የሚያነብልኝ ፕሮግራም ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀረጻዎቼ ውስጥ የሰው ታሪክ መሀል ላይ ቶክባክ ገብቶ ሰዓት ይናገራል፣ የባትሪ መጠን ይናገራል። ኢርፎን ብሰካ ይሻላል ብዬ ሰካሁ። ያ ኢርፎን የራሱ ማይክ ስለነበረው ስልኩ የሰውየውን ድምፅ ትቶ የኔን ልብስ ሲፋቅ ቀዳ። አሁን ቀረጻውን ካስጀመርኩ በኋላ ሁለቱን የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፎች አንድ ላይ ለ3 ሰከንድ ይዤ ቶክባክን ዝም አሰኘዋለሁ። ከዚያ አሥር ሰከንድ ያህል ማንም እንዳይናገር እለምናለሁ። ያቺ ዝምታ በኋላ ታስፈልጋለች። የፍሪጅ እምምታ ወይም የመብራት ኸምታ ካለ ለኦዳሲቲ ናሙና እሰጠዋለሁ፣ እሱም ከሙሉው ቀረጻ ላይ ይቀንስልኛል። ሲበዛበት ግን ሰውየው ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። እና ዝናብን አይችለውም። ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ።

የምቀዳው በዋቭ ነው፣ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት። ተራው ሞኖ ዋቭ በደቂቃ 5 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፣ 40 ደቂቃ ከ200 በላይ ማለት ነው። ቢበዛም ዋናውን ፋይል መቼም አልነካውም። በቅጂው ላይ እሠራለሁ። ይህን ልማዴን አላህ ይባርከው፣ ለምን እንደምል ከታች ታዩታላችሁ።

አያቴ ያለችው ሐይቅ አጠገብ ነው፣ ተሁለደሬ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለፈው በጋ ሄጄ የቡና ዱዓዋን ቀዳሁ፣ ከአቦል እስከ በረካ። የቡናው መውቀጫ መሬቱን ያናውጠዋል። ስለዚህ ስልኩን መሬት ላይ አላስቀመጥኩም፤ አራት የታጠፈ ጋቢ ላይ አድርጌ ወደ አያቴ አስጠጋሁት። የሷ ድምፅ ቀጭን ነው። ጎረቤቱ ግን ሲቀበላት ቤቱ ይሞላል። ሙስሊሙ «አሚን» ይላል፣ ክርስቲያኑ «አሜን» ይላል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ይወድቃሉ። በኢርፎን ሲሰማ ልብ የሚነካ ነገር ነው። አንዱ ግራ ጥጉ ጋ ሆኖ ሁልጊዜ ከሁሉም ቀድሞ ይላል። በድምፁ ብቻ ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ።

ችግሩ የድምፅ መጠን ነበር። አያቴ እንድትሰማ ከፍ ሳደርገው አሚኑ ይሰነጠቃል። መለኪያውን ማየት አልችልም። ግን አንድ ዘዴ አለ። ኦዳሲቲ ውስጥ አምፕሊፋይ የሚባለውን ስከፍት ድምፁ ጣሪያ እስኪነካ ስንት ዴሲቤል እንደቀረው በቁጥር ያቀርብልኛል፣ ኤንቪዲኤ ያነብልኛል። 6 ካለኝ ደህና ነው። 0 ካለኝ አንድ ቦታ ጣሪያውን ነክቷል ማለት ነው። ያን ቀን ያለኝ 0 ነው።

የቱ ጋ እንደሆነ ፍለጋ ጀመርኩ። እየተጫወተ ሳለ ኮንትሮል እና ኤም ስጫን ምልክት ይተክላል፣ ስም ጽፌ ኢንተር እለዋለሁ። በኋላ አልትን ይዤ በቀስት ከምልክት ወደ ምልክት እዘላለሁ። ለኔ የሞገዱ ሥዕል እነዚህ ምልክቶች ናቸው። «አቦል»፣ «ቶና»፣ «ስለ ዝናብ»፣ «ስለ ልጆች»። የተሰነጠቀውን ያገኘሁት በረካው ላይ ነው።

አያቴ እንዲህ ትላለች፦ «ያረብ፣ የዚችን ልጅ ብርሃን መልስላት። ካልሆነም መንገዷን አብራላት።» ከዚያ አሚኑ ይመጣል። ከምሽቱ አሚን ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። የተሰነጠቀው እሱ ነው።

ቆረጥኩት። ሙሉ 11 ሰከንድ። ድምፁ ተበላሽቷል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱ ግን ቀረጻው ውጭ ላሉት ዘመዶች ሁሉ የሚላክ ስለነበር፣ የሰው ሀዘኔታ እኔ ላይ እንዲያርፍ አልፈለግኩም። በደንብ ነው የቆረጥኩት። ዜድ ተጭኜ፣ አንድ ትንፋሽ ትቼ። የኮምቦልቻው ጓደኛዬ እንኳ ሰምቶ አላገኘውም።

ለአያቴ ይዤላት ሄድኩና ቡና ላይ አሰማኋት። አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው ሰማች። ሲያልቅ እጄን ያዘችኝ።

«ያንቺስ የታለ?» አለችኝ።

«ምኑ እማ?»

«ላንቺ ያልኩት ነዋ። ሰዉ ሁሉ አሚን ያለልሽ።»

መልስ አልነበረኝም። ደሴ ተመልሼ ዋናውን ፋይል ከፈትኩ። በረካውን አገኘሁ፣ 11 ሰከንዱን ኮፒ አድርጌ ወደ ቦታው መለስኩት። ስንጥቁን ለማለዘብ ክሊፕ ፊክስ የሚባለውን ሞከርኩበት፤ ትንሽ ረዳኝ። ሰሞኑን ሪፐር የሚባል ሌላ የድምፅ ፕሮግራም እየተማርኩ ነው፣ ለዓይነ ስውራን እንዲመች ከሚያደርገው ኦሳራ ከሚባለው ተጨማሪ ጋር። ኦሳራንም የጀመረው ያው ጄምስ ቴህ ነው። ኤፍ 12ን ተጭኜ የፈለግሁትን ቁልፍ ስነካ ሥራውን ሳይሠራ ምን እንደሚሠራ ብቻ ይነግረኛል። ምናልባት እዚያ የተሻለ አስተካክለው ይሆናል።

ለዘመዶች የላክሁት ግን እንዳለ ነው። 27ኛው ደቂቃ ላይ ታገኙታላችሁ። አሚኑ አሁንም ትንሽ ይሰነጠቃል።