ማስረጃ ይዛችሁ ኑ ያልንበት ዓመት

በአካባቢ አስተዳደር ደረጃ ለኦቲስቲክ ሰዎች (ኦቲዝም የሚባለው፣ ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ የዕድገት ልዩነት ላላቸው) የድጋፍ አገልግሎት እንዳቋቁም ኃላፊነት ሲሰጠኝ፣ ከእኔ በፊት በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቆኝ ቢሆን ኖሮ ብዙ ቤተሰብ ባልተጉላላ ነበር። ይህንን የምጽፈው ሥራውን ነገ ለሚረከብ ሰው ነው።

በጀት ማስፈቀድና ሠራተኛ መመደብ ጊዜ ወሰደ እንጂ አላስቸገረም። ክፍሉን ማዘጋጀትም እንዲሁ ቀላል ነበር፦ ብልጭ ድርግም የሚለውን የፍሎረሰንት መብራት ቀየርን፣ ተራ የሚጠራውን ድምፅ ማጉያ አስነሣን፣ ባለጉዳዩ ከመምጣቱ በፊት የሕንፃውን በር፣ የሚቀመጥበትን ወንበርና የሚያነጋግረውን ሰው በፎቶግራፍ የሚያሳይ አንድ ገጽ እንልክ ጀመር።

የተበላሸው ከመግቢያው መስኮት ላይ ነው። መመሪያው አገልግሎቱ የሚሰጠው የስፔሻሊስት የምርመራ ማስረጃ ላቀረበ ብቻ እንደሆነ ይደነግግ ነበር፤ እኔም ሳልጠይቅ ተቀበልሁት። በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ከግድግዳው ማዶ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ልጁ ሁለት ጆሮውን በመዳፉ እየደፈነ ወደ እናቱ ጎን ይጠጋ ነበር። እርሷ ዳርና ዳሩ የተበላ ደብተር መስኮቱ ላይ አስቀመጠችና፣ «እህቴ፣ መቼ እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚያስደነግጠው፣ የትኞቹን ቃላት ተናግሮ በኋላ እንደተዋቸው ከሁለት ዓመቱ ጀምሮ ጽፌዋለሁ፤ ይህ አይበቃም?» አለችኝ። ማኅተም ያለበት ወረቀት እንደሚያስፈልግ ነግሬ መለስኋት። ደብተሩን ገልጬ እንኳ አላየሁትም።

ዛሬም የሚቆጨኝ ይኸው ነው። ኦቲዝምን በደም ምርመራም ሆነ በአንጎል ምስል ማረጋገጥ አይቻልም፤ ባለሙያው የሚመረምረው የልጁን የዕድገት ታሪክ በመጠየቅና አኳኋኑን በመመልከት ነው። ስፔሻሊስቱ ከወራት ወረፋ በኋላ ሊጠይቃት የነበረው ነገር በደብተሩ ውስጥ ተጽፎ እጄ ሥር ነበር። ችግሩም የእርሷ ብቻ አልነበረም፦ ሌሎችን እየተመለከቱ አኳኋናቸውን በማስመሰል ችግራቸውን የሚሸሽጉ ልጃገረዶች፣ በልጅነታቸው ማንም ያልመረመራቸው ጎልማሶችም ያንን ወረቀት ሊያመጡ አይችሉም ነበር።

ለአለቆቼ ጉዳዩን ሳቀርብ የተሰጠኝ መልስ፣ «ያለ ማስረጃ ከፈቀድን የማይገባው ሁሉ ይጎርፋል» የሚል ነበር። እኛ የምንሰጠው ጸጥታ ያለው ቀጠሮ፣ በሥዕል ካርድ ፍላጎትን የመግለጽ ትምህርትና ለወላጆች ሥልጠና ነው፤ ይህንን ሳይቸግረው አስመስሎ የሚወስድ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2021 ባወጣው ግምት ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲስቲክ ነው። በዚህ ስሌት 100,000 ሰው በሚኖርበት አካባቢ ወደ 800 የሚጠጉ ሰዎች ይኖራሉ ማለት ነው። መዝገባችንን ከፍቼ የጻፍናቸውን ስቆጥር ግን አንድ ገጽ እንኳ አልሞሉም። ከመጉረፍ ይልቅ ሰው እየራቀን ነበር። የዚሁ ድርጅት የተንከባካቢዎች ሥልጠና፣ ማለትም ከ2 እስከ 9 ዓመት የሆናቸው የዕድገት መዘግየት ወይም እክል ያለባቸው ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች የተዘጋጀው፣ በ9 የቡድን ስብሰባና በ3 የቤት ጉብኝት የሚያልቀው፣ ስፔሻሊስት ያልሆነ ሰው ሠልጥኖ ሊመራው የሚችለው ሥልጠና፣ የምርመራ ውጤት እስኪመጣ መጠበቅን አይጠይቅም። ይህንን ያነበብሁት ዓመቱ ካለቀ በኋላ መሆኑ ጥፋቱ የእኔ ነው።

መመሪያውን ያስቀየረው የእኔ ክርክር አልነበረም። መመሪያውን ባረቀቀው ኮሚቴ ውስጥ ሐኪሞች፣ መምህራንና ወላጆች ነበሩ፤ አንድም ኦቲስቲክ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 4 አካል ጉዳተኞቹን ራሳቸውን ማማከር ግዴታ መሆኑን ቢደነግግም፣ አንድ ኦቲስቲክ ወጣት የጠራነው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ስብሰባ ላይ ፈጥኖ መናገር ስለሚከብደው ጥያቄውን በወረቀት ጽፎ ሰጠን፦ «ማስረጃው የሚያስፈልገው ለእኛ ነው ወይስ ለኦዲተሩ?» መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም። በሚቀጥለው ወር ድንጋጌው ተነሣ።

ስለዚህ መመሪያው ምንም ይበል፣ ማስረጃ የምትጠይቁት ሕግ በግድ በሚጠይቅበት ቦታ ብቻ ይሁን፤ ለቀረው ሁሉ «ዛሬ የሚያስቸግርዎ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጀምሩ። ከቅጹም ላይ «ተጠቂ» የሚለውን ቃል ሰርዙት። ኦቲዝም እንደ ጉንፋን የሚይዝና የሚለቅ በሽታ አይደለም፣ ቃሉም ገና በሩ ላይ ባለጉዳዩን ያሸማቅቀዋል። ኦቲስቲክ ሰዎችንም መመሪያው ከመረቀቁ በፊት ጥሯቸው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የመለሳችኋቸውን ሰዎች መዝግቡ። ድንጋጌው እንደተነሣ የመለስናቸውን ሁሉ ለመጥራት ተነሣሁ፤ መዝገባችን ግን የተቀበልናቸውን ብቻ የያዘ ነበር። አሁን መስኮቱ አጠገብ ሁለተኛ ደብተር አለ፤ በማንኛውም ምክንያት ሳይስተናገድ የሄደ ሰው ስሙና ስልኩ በፈቃዱ ይጻፍበታል፣ በየሳምንቱ ዓርብም እኔው ራሴ እደውላለሁ። የዚያች እናት ስም ግን በዚያም የለም፤ ያን ቀን አልጠየቅኋትም።