ሪፖርት የማደርግለት ማነው?

የምሠራበት ክፍል ግድግዳ ላይ በየወሩ የጻፍነው ሪፈር ብዛት ይለጠፋል። አስተባባሪያችን ቁጥሩን ይወደዋል። ሪፈር የተጻፈለት ሰው ደረሰ ወይስ አልደረሰ የሚል መጠየቂያ ግን ቅጹ ላይ አልነበረም። አንድ ሁለቴ በስብሰባ አንስቼው "እሱ የተቀባዩ ሥራ ነው" ተባልኩ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ እኔም ተውኩት።

ሻምበል የመጡት እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ነው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ የሸሚዛቸው ኮሌታ ግን ገና ሰልፍ ላይ ነው። ኦዲት (AUDIT) የሚባለውን የአልኮል አጠቃቀም መጠይቅ የመጀመሪያ ሦስት ጥያቄዎች ጀመርኩ። ሦስቱ ብቻቸውን እስከ 12 ነጥብ ያስይዛሉ፤ ወንድ 4 ከሞላ ወደ ቀሩት 7 ጥያቄዎች እናልፋለን።

"በሚጠጡበት ቀን ስንት ይጠጣሉ?"

"ሁለት።"

"ሁለት መለኪያ?"

"ሁለት ቀን። አንዷን ጠርሙስ ለሁለት ቀን አደርሳታለሁ።"

ጂን ነው፣ ትልቁ ጠርሙስ። 10 ግራም ንጹሕ አልኮል እንደ አንድ መጠጥ ከተቆጠረ በቀን ወደ 12 ገደማ ይመጣል። ጠዋት እጃቸው የሚረጋው ከመጀመሪያዋ በኋላ መሆኑንም ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ወደ አልኮል ሕክምና ሪፈሩን ጻፍኩ፣ ማኅተም አስመታሁ፣ ሰጠኋቸው። "ወታደር ናቸው፣ ይሄዳሉ" ብዬ ሌላ ሰው አስገባሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ተመልሰው መጡ። ከደረት ኪሳቸው ወረቀቱን አወጡ። አራት ቦታ ተጣጥፏል፤ አልተሸበሸበም፣ አልቆሸሸም።

"ሻምበል፣ አልሄዱም?"

"የት?"

"ተጽፏል እኮ፤ ሕንጻውም ስልኩም።"

መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ወደ እኔ አዞሩት። "ልጄ፣ እኔ ብዙ ጊዜ ተዛውሬያለሁ። የዝውውር ትዕዛዝ ላይ ቦታው አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ደርሼ ሪፖርት የማደርግለት ሰው ስምና ማዕረግ አለ። እዚህ ላይ ሕንጻ አለ። ለሕንጻ ሪፖርት አላደርግም።"

መጀመሪያ የተናደድኩት በእሳቸው ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለአንድ ስም ብሎ መቀመጥ ምን ይባላል? ቀጥሎ አፈርኩ፤ ምክንያቱም ማን እንደሚቀበላቸው እኔም አላውቅም ነበር። እዚያ ከሚሠሩት አንድም ሰው በስም አላውቅም። በየወሩ የምልከው ሰው ቁጥር ግን በቃሌ አለ።

ዝም ስል ጊዜ ያስከፋኋቸው መስሏቸው ነው መሰል፣ ቀጥ ብለው "እሺ፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ አልቀምስም። በቃ" አሉ።

"አያቁሙ!" አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት፤ በሩ ክፍት ነበር፤ አስተባባሪው በዚያው ሰዓት በኮሪደሩ ያልፋል።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቋርጥ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ አንቀጥቅጦ ሊጥለው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ቅዠትና ትኩሳት ያለበት፣ ካልታከመ የሚገድል ሕመም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የሚያቆመው ዳያዜፓም የሚባለው ማረጋጊያ መድኃኒትና ቲያሚን (ቫይታሚን ቢ1) እየተሰጠው፣ የሚከታተለው ሰው ባለበት ነው። ይህን ሁሉ አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣

"ሚስቴ አቁም አለችኝ። ልጆቼ አቁም አሉኝ። አለቆቼ አቁም ብለውኛል። አታቁም ብሎ ያዘዘኝ የመጀመሪያው ሰው አንቺ ነሽ" አሉ።

ስልኩን አንስቼ እሳቸው ፊት ደወልኩ። ሁለቴ ሳይነሳ ቀረ። ሻምበል እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣብቀው ያዩኛል። በሦስተኛው አንዲት ነርስ አነሳች። ስሟን ጠየቅኩ፣ ፊደሉን እያጣራሁ ጻፍኩ፣ ለማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ቀጠሮ ያዝኩ፣ ከዚያም ስልኩን ለእሳቸው ሰጠኋቸው። "ሻምበል ነኝ፤ ነገ 2 ሰዓት" ብለው መለሱልኝ።

በማግስቱ ከሰዓት ስደውል ያቺ ነርስ አልገባችም ነበር፤ ልጇ ታሞባት ቀርታለች። ያነሳው ሌላ ነው። "እኚህን ሽማግሌ አንቺ ነሽ የላክሻቸው?" አለኝ። ከ2 ሰዓት በፊት ደርሰው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ነገ ይምጡ ቢባሉ "የታዘዝኩት ለዛሬ ነው፤ የሚረከበኝ ሳይመጣ ከቦታዬ አልነሳም" ብለው እስከ 6 ሰዓት አልተነቃነቁም። መጨረሻ ላይ ሐኪሙ ራሱ ወጥቶ፣ ስሙንና ማዕረጉን ተናግሮ ተረከባቸው፤ አልጋ ያዙ።

አሁን ቅጹ ላይ "የተቀባይ ስም" የሚል አዲስ መስመር አለ። አስተባባሪያችን በስብሰባ ላይ የራሱ ሐሳብ እንደሆነ አስረድቶ ተጨብጭቦለታል፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ብዙዎቹ ባልደረቦቼ እዚያ መስመር ላይ "ተረኛ ነርስ" ብለው ይሞላሉ። ሁሌ አኩርፌ ነበር የማየው። ባለፈው ሐሙስ ግን ወረፋው እስከ ደረጃው ደርሶ፣ ስልኩ አራቴ ተደውሎ አልነሳ ሲል፣ እኔም "ተረኛ ነርስ" ብዬ ጻፍኩ። ሰውየው ወረቀቱን ሳያየው አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።